«መቶ በመቶ ተመልሷል» ስለሚለው ቁጥራችን

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ተናገሩ ስንባል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቅብን ቁጥር ማንበብ ነው። ዛሬ ግን አንድ ቁጥር ልናርም ነው የቆምነው። ባለፈው ዓመት ሪፖርታችን ላይ «ለአባላት የተሰጠው ብድር መቶ በመቶ ተመልሷል» ብለን ጽፈን ነበር። እውነት ነው፣ ሳንቲም ሳይጎድል ተመልሷል። ያልጻፍነው ገንዘቡ ከየት መጥቶ እንደተመለሰ ነው።

የነገሩ መነሻ እንጀራ ነው። ለዚህ ጉባኤ የሚሆነውን እንጀራ ከአባሎቻችን እንግዛ ተባለና፣ በብድር ደብተራችን ላይ አንድም ቀን ዘግይተው ከማያውቁ አንዲት እናታችን ቤት ሄድን። ቡና አፈሉልን። እንጀራውን ስናዛቸው ሳቅ አሉና «ልጆቼ፣ ምጣዱን እኮ ሸጥኩት» አሉን። ደነገጥን። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍያዎች ታዲያ በምን የከፈልኳችሁ መሰላችሁ? በእኔ ምክንያት ዋስ የሆኑኝ ሴቶች ብድር እንዳይከለከሉ ብዬ ነው።» ያን ገንዘብ የተቀበልነውም፣ ደረሰኝ የቆረጥነውም እኛው ነን።

እኚህ እናት በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ያለፉ ናቸው። ከእናንተም መካከል ብዙዎች አልፋችሁበታል፤ ለእንግዶቻችን ግን አሠራሩን በአጭሩ እንንገራቸው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር 604,000 ያህል ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለታል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕመምተኞች ያለ ሥራ ይደገፉ ነበር። መሥራት የሚችለው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለው፣ ከክፍያውም 20 በመቶውን ይቆጥብ ነበር። ሥልጠና ወስዶ የሥራ ዕቅድ ሲያቀርብ የ500 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ራሱን ችሎ «ይመረቅ» ነበር። እናታችን ምጣዱንና የመጀመሪያውን ጤፍ የገዙት በዚያ መነሻ ነው።

እንዲህ ያለውን ገንዘብ እኛ ልንሰጣቸው አንችልም ነበር። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ብር ቢያስቀምጡ በሳምንት 400 ብር፣ በዓመት 20,800 ብር ይሆናል። ለአንዷ ሲካፈል 1,040 ብር ነው። በዛሬ ገበያ ሩብ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይገዛም። «ሴቶች ተደራጅተው ከቆጠቡ ከድህነት ይወጣሉ» ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን፤ እኛም ብለነዋል። እርስ በርስ በመቆጠብ ብቻ ግን ምጣድ አይገዛም። ምጣድ የሚያስገዛ ገንዘብ ያለው ከተማው ዘንድ ነው።

ከተማው ዘንድ የሌለው ደግሞ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት የሚሰበሰብ ሰው ነው። ማን ታመመች፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋረጠ፣ ማን ሥራዋ ቀዘቀዘ የሚለውን ከእኛ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። መንግሥት ማን እንደተመረቀ ይቆጥራል፤ ከተመረቀች በኋላ በዓመቱ ምጣዱ ቤቷ መኖሩን የሚያይ ጎረቤት ነው። ቢያንስ እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ለምን ሳናይ ቀረን? የእናታችን ሰፈር ለልማት ሲነሳ እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፤ ውኃውም፣ መጸዳጃውም ውስጥ ነው፤ እሳቸውም ያመሰግናሉ። ደንበኞቻቸው ግን አብረዋቸው አልሄዱም። በየቀኑ እንጀራ ይወስዱላቸው የነበሩት ምግብ ቤቶችና ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ዕድሩም ተበተነ። ወደ ቡድናቸው ስብሰባ ለመምጣት ሁለት ታክሲ መያዝ ስላለባቸው ቁጠባቸውን በሰው መላክ ጀመሩ። ብሩ በየሳምንቱ ይደርሰን ነበር፤ እሳቸው ግን አልነበሩም። ከደብተሩ ላይ ይህ አይታይም፤ በዓምዱ ውስጥ የሚገባው ብር ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ ሌሎችንም ጠየቅን። ከዕቁብ ቀድማ ወስዳ ለእኛ የከፈለች አለች። ከአራጣ አበዳሪ ወስዳ የከፈለችም አገኘን፤ እሷን እስካሁን አላረፍንላትም።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በብድር ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው «ክፍያው ከየት የተገኘ ነው?» የሚል ዓምድ ነው። ከሥራዋ ትርፍ ካልሆነ ገንዘብ ያዥዋ ተቀብላ ዝም አትልም፤ ለቡድኑ ታቀርባለች። ሁለተኛው የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ነው፤ ቡድኑ ሥራዋን አይቶ ሲስማማ እስከ ሦስት ወር ያለ ቅጣት። ዋሶችም በዚህ ምክንያት ብድር አይከለከሉም። ወረዳውንም ቢሆን ሰፈር ሲነሳ የቡድን አባላት በተቻለ መጠን በአንድ ሳይት እንዲደርሳቸው፣ የተመረቁትንም በዓመቱ አብረን እንድንጎበኝ በደብዳቤ ጠይቀናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ለጋሾቻችን፣ ለእናንተ በግልጽ የምንነግራችሁ አለ። በሚቀጥለው ሪፖርት «መቶ በመቶ» የሚል ቁጥር አታገኙም። ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚሆን ከወዲሁ መናገር አንችልም። ያን ቁጥር አይታችሁ ማህበሩ ተዳከመ ብትሉ አንፈርድባችሁም፤ ግን ደውላችሁ ጠይቁን።

አሁን ወደ አጀንዳ ቁጥር አራት እናልፋለን። የምጣዱ ጉዳይ ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ከማህበራዊ ፈንዱ በስጦታ እንስጣቸው ብሎ ነበር። እናታችን አልተቀበሉም፤ «ብድር ከሆነ እወስዳለሁ፤ የምከፍለው ግን አዲሱ ሰፈር ደንበኛ ሳገኝ ነው» ብለዋል። እዚሁ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።