ሱስ የያዘውን ሰው ወዴት እንውሰደው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አስካሪ ነገር ሐራም መሆኑን ከመካከላችሁ የማያውቅ ስለሌለ እሱን ለመድገም አልተነሣሁም። ጥያቄዬ ወንድማችን አንዴ በሱስ ከተያዘ በኋላ ወዴት እንውሰደው የሚል ነው። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ከየገጠሩ ለሥራ መጥተው፣ ከወላጅ ርቀው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቢታመም ማን ይዞት ይሄዳል?

ስለ ጫት ትንሽ ልቆይ፤ የእኛው ቤት ጉዳይ ነውና። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። ከተጠየቁት ግማሹ ቃሚ ነበሩ፤ ከቃሚዎቹም 80 በመቶው የምንቅመው ለጸሎት ሐሳባችንን ለመሰብሰብ ነው ብለዋል። ዑለማዎች በጫት ጉዳይ የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው ይታወቃል። ነገር ግን ለዱዓ ነው ብሎ ሲቅም አምሽቶ የሱብሒ ሶላት በእንቅልፍ ያለፈው ሰው ለኸይር ነው ቢለኝ አልቀበለውም። ቃሚው ሰዎች ሊገድሉኝ ነው ማለት ከጀመረ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማው፣ ጂን ነው ብሎ በሩቅያ ብቻ መወሰን አይገባም። ሩቅያውም ይቀራለት፣ ሐኪምም ይየው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም ማዘዛቸው የታወቀ ነው።

በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው ደግሞ ቤት ዘግቶበት በአንድ ጊዜ ማስተው አደገኛ ነው። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም ግን ይህን ጊዜ በመድኃኒት ያሳልፈዋል።

የመጀመሪያው በር የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል። ለእኛ የሚቀርበው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ስለተኙበት ብዙዎች በዚያ ያውቁታል እንጂ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል ሱስ ያክማሉ። አማኑኤልን «የእብድ ቤት» እያሉ ስሙን የሚፈሩ አሉ፤ እነዚሁ ሰዎች ግን ልጃቸውን እቤት በሰንሰለት ማሰር አያሳፍራቸውም።

አጥኚዎች መጠይቅ ይዘው ደጃችሁን ሲያንኳኩም እውነቱን ንገሯቸው። የቡታጅራ ሰዎች ደብቀው ቢሆን ኖሮ ከላይ ያነሣሁትን ባላወቅን ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የታማሚውን መታወቂያና ካለው የጤና መድን ደብተሩን ያዙ። ምን እንደሚወስድ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ብቻውን አትላኩት። እዚህ ዘመድ የሌለው ከሆነ ከሶላት በኋላ ለእኔ ወይም ለኮሚቴው ንገሩን፤ አብሮት የሚሄድ ሰው እንመድባለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።