ለመስክ ተሽከርካሪዎችና ለተሳቢዎች የሚስማማ የፀሐይ ኃይል፤ አመራረጡና አተካከሉ




በዚህ ርእስ ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ የታወሰኝ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚዘልቀው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የሚጓዝ የመስክ መኪና ማለዳ በእንጦጦ ትከሻ ላይ ብርዱን ይቀበላል፤ በዚያው ቀን ጎሐ ጽዮንን አልፎ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከዚያም ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ፒስታ ይገባል። መብራት ወዳልደረሰበት ቀበሌ የሚሄድ የጤና ባለሙያ፣ ቀያሽ ወይም የእርሻ ሠራተኛ መሣሪያውን የሚያሠራበት ኃይል ከመኪናው ጋር አብሮ መጓዝ ይኖርበታል። ለዚህም በተለምዶ ሶላር ፓኔል የምንለው የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ዛሬ በብዙዎች አቅም የሚገዛ ዕቃ ሆኗል። ይሁን እንጂ በርካሽ የተገዛ ሁሉ በርካሽ ይሠራል ማለት አይደለም። ይህንንም የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ለአንድ የመስክ ጤና ቡድን በላንድ ክሩዘር ላይ የፀሐይ ኃይል እንድተክል ተጠየቅሁ። መኪናው የሚይዘው በ12 ቮልት የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የሌሊት መብራትና ጥቂት የመገናኛ መሣሪያዎች ነበር። 250 ዋት ፓኔል ገዝቼ በፖርቶመጋላው ላይ አሰርሁ። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ሹፌሩ በቀላሉ እንዲያየው በማለት ከዳሽቦርዱ ሥር አደረግሁት። ባትሪው ከኋላ ነበር። ሁለቱንም በእጄ ባገኘሁት ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ አገናኘኋቸው። መብራቱ በራ፤ ማቀዝቀዣውም ተነሣ፤ ሥራውንም አስረከብሁ።

በጉዞው በሦስተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው ቆመ። ጠዋት የቡድኑ ነርስ ቴርሞሜትሩን አይታ ክትባቱን ለማንም እንደማትሰጥ ተናገረች። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው መጠን ውስጥ መጠበቅ አለበትና ውሳኔዋ ትክክል ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መጥተው በጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። «ኢንጂነር፣ እነዚህን ምን ልበላቸው?» አለችኝ በስልክ። የምመልሰው አልነበረኝም። ለሌላ ቀን ተቀጥረው ተመለሱ።

መኪናው ሲመለስ ጥፋቱን በፓኔሉ ላይ አደረግሁ። ኃይሉ አነሰ ብዬ ሌላ 250 ዋት ፓኔል አስገዛሁ። አዲሱ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ሁለቱን አገናኝቼ ስሞክር ዕድሜያቸው ከእኔ በእጅጉ የሚበልጥ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ሽቦውን በጣታቸው ነኩና ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ኢንጂነር፣ ፓኔሉ ምን አጠፋ? ኃይሉን የሚበላው ሽቦው ነው» አሉኝ። «ልክ ነዎት ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሁለተኛው ፓኔል በዚያ ሽቦ ላይ ቢቀር ኖሮ እሳት ያስነሣ ነበር።

ሒሳቡን እነሆ። ከኮንትሮለሩ እስከ ባትሪው ያለው ርቀት 4 ሜትር ሲሆን ደርሶ መልስ 8 ሜትር ነው። የ1.5 ካሬ መዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.093 ኦም ያህል ይቋቋማል። በ14 አምፔር ፍሰት 1.3 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ኮንትሮለሩ በራሱ በኩል 14.4 ቮልት ሲያይ ባትሪው የሚያገኘው 13.1 ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ያልሞላውን ባትሪ የሞላ መስሎት ፍሰቱን ቀድሞ ይቀንሳል፤ በዚህ መካከል ቀኑ ይመሻል። ኮንትሮለሩን ከባትሪው ጎን አዛውረን ሽቦውን በ10 ካሬ ስንለውጠው ኪሳራው ወደ 0.2 ቮልት ወረደ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ፓኔል ብቻውን በበጋው ወራት በቃ። የ4 ሜትር ሽቦ ዋጋ ለመቆጠብ ብዬ ያደረግሁት ነገር የአንድ ፓኔልና የአንድ ማቀዝቀዣ ሙሉ ክትባት ዋጋ አስከፍሏል።

ከዚህ በመነሣት ለባልደረቦቼ የማቀርበው አካሄድ በአምስት ነጥቦች ይጠቃለላል።

አንደኛ፤ ሒሳብ የሚጀመረው ከሥራው ነው። የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣ ሲሠራ 45 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በሞቃት ቦታ የቀኑን ግማሽ ያህል ስለሚሠራ በቀን 540 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። መብራት 40፣ ስልክና ሌላ መሣሪያ 120 ቢጨመርበት 700 ዋት ሰዓት ይሆናል። አገራችን በአማካይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ታገኛለች፤ በክረምት ግን በደጋው ወደ 4 ዝቅ ሊል ይችላል። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ የሚጠፋውን 35 ከመቶ ብናስብ፣ በበጋ 215 ዋት፣ በክረምት 270 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለክትባት የሚውል ከሆነም የዓለም ጤና ድርጅትን መስፈርት ያሟላ መሆን አለበት፤ የምግብ ማቀዝቀዣ ምትክ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ፓኔል ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሜትርና ቴስተር ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የሲሊኮን ሴል ከደረሰው ብርሃን 6 ከመቶ ያህሉን ወደ ኤሌትሪክ ይለውጥ ነበር። ዛሬ በገበያ ያሉት ደኅና ፓኔሎች ከ20 እስከ 23 ከመቶ ይደርሳሉ። በመለኪያው ደንብ አንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ይቀበላል፤ ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ፓኔል ከ200 እስከ 230 ዋት ቢሰጥ ነው። በዚህ ስፋት ላይ 400 ዋት የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ጽሑፉ ሐሰት ነው። ቮልት ብቻ መለካትም ያታልላል፤ ደካማ ፓኔል በደካማ ብርሃንም ቢሆን ሙሉ ቮልት ሊያሳይ ይችላልና። በቀትር ፀሐይ አምፔሩን መለካት ይሻላል። በዋጋ ረገድ ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ትናንሽ ፓኔሎች ይልቅ ለቤት ጣሪያ የተሠሩት ትላልቆቹ በዋት ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳሉ። 1.7 በ1.1 ሜትር የሆነ 400 ዋት ፓኔል 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ፖርቶመጋላው ከቻለው በላንድ ክሩዘር ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። በጣሪያው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ተጣጣፊ ዓይነት ክብደቱ ቢቀልም ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ይግላል፤ በፒስታው ንቅናቄም ሴሎቹ ይሰነጠቃሉ።

ሦስተኛ፤ የውጭ አገር መመሪያዎችን እንዳሉ አንቀበል። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት ፓኔሉ ወደ ደቡብ እንዲያዘነብል ያዛሉ፤ በዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ በራቀችበት ጊዜ እንኳ በጠፍጣፋው የተኛ ፓኔል በቀትር የሚያጣው 16 ከመቶ ያህል ነው፤ በሰኔ ደግሞ 3 ከመቶ ብቻ። አቅጣጫውን በየሰዓቱ ለሚለውጥ መኪና በጠፍጣፋው ማሰር በቂ ነው። የእኛ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 ከመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ በቆላ 65 ዲግሪ ቢደርስ 14 ከመቶ ጠፋ ማለት ነው። በፓኔሉና በጣሪያው መካከል 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ መተው ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

አራተኛ፤ ኮንትሮለር ሲመረጥ ብርዱም ይታሰብ። ትልቁ የቤት ፓኔል 37 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ባለ 12 ቮልት ባትሪን በተራው ርካሽ ኮንትሮለር ቢሞላ ከግማሽ በላይ ኃይሉ ይባክናል፤ ስለዚህ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። በተሳቢ ላይ ሁለት ፓኔሎችን በተከታታይ ለሚያገናኝ ሰው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሁለቱ ድምር 74 ቮልት ስለሆነ 75 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ቮልት በብርድ ይጨምራል። በኅዳር ማለዳ ሱሉልታ ላይ በ5 ዲግሪ ፀሐይ ስትወጣ 78 ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል። 100 ቮልት የሚችለውን መግዛት ይገባል። ስለ ባትሪም፣ የአንድ ቀን ተኩል ክምችት ብንፈልግ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 175 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን 100 አምፔር ሰዓት ያህል ሆኖ ይበቃል፤ ክብደቱም እጅግ ያንሳል። የመግዣ ዋጋው ከፍ ቢልም በዓመታት ሲካፈል ሊረክስ ይችላል።

አምስተኛ፤ አተካከል። ፓኔሉ በአንግል ብረት ላይ በብሎን፣ በሮንዴላና በማይላላ ዳዶ ይታሰር፤ ከመጀመሪያው የፒስታ ጉዞ በኋላም ሁሉም እንደገና ይጥበቅ። ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ ወይም የሬዲዮ አንቴና ጥላ እንዳይጥልበት ይታይ፤ በአንድ ሴል ላይ የወደቀ ጥላ የፓኔሉን ሢሶ ኃይል ሊያስቀር ይችላልና። ሽቦው ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይታጠፍ፤ ዝናቡ ተከትሎት እንዳይገባ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ መጠኑም ለሽቦው አቅም የሚመጥን ይሁን። እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁት ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ሽቦው እየተቃጠለ ዝም ብሎ የሚመለከት ነበር። ሲገናኝ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ ጋር ይያያዝ፤ ሲፈታ በተቃራኒው ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መናገር የሙያችን ግዴታ ነው። በየቀኑ ሦስትና አራት ሰዓት የሚነዳ መኪና ዲናሞው ሁለተኛውን ባትሪ በተገቢ መሣሪያ አማካይነት እንዲሞላ ቢደረግ ፓኔል ላያስፈልገው ይችላል። ፓኔል የሚጠቅመው ለብዙ ቀን አንድ ቦታ ለሚቆም መኪናና በተለይም ለተሳቢ ነው። ተሳቢው በፀሐይ ይቆማል፤ መኪናው ጥላ ይፈልጋል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለችው የገጠር መንደር በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በየቤቱ የፀሐይ መብራት ሲተከል የተከላና የጥገና ሥልጠናም በዚያው ይሰጥ ነበር። በመኪና ላይ የምንተክለው ግን እስካሁን በየጋራዡ በግምት የሚሠራ ነው። ስለሆነም ማኅበራችን የሽቦ ውፍረት ከርቀትና ከአምፔር ጋር፣ የፓኔል ስፋት ከዋት ጋር የሚነበብበት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በአማርኛ አዘጋጅቶ ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ በየጋራዡ እንዲሰቀል ቢያደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዝግጅቱን ለመሥራት ራሴን አቀርባለሁ፤ ሲዘጋጅም በመጀመሪያ የማሳየው ለእኚያ ሽቦውን በጣታቸው ለለኩ አባት ነው።

የዚያ መኪና ማቀዝቀዣ ከተስተካከለ በኋላ ቡድኑ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ ሄዷል። በሁለተኛው ቀን ነርሷ ደውላ ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ እንደሚያሳይ ነገረችኝ። እናቶቹ ሁሉ መጡ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ከሁለት በቀር ሁሉም መጥተዋል» አለች። እነዚያን ሁለቱን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።