ወጣቱ በብሔራዊ አገልግሎት ሰፈር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ወጣቶች ለብሔራዊ አገልግሎት በሚሠለጥኑበት ሰፈር ስለሚያሳልፉት ኑሮና፥ ከዚያ ኑሮ ለአገርም ለራሳቸውም ስለሚገኘው ጥቅም ነው። ነገሩ የወታደር ወይም የተማሪ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ወጣቱን የሚመዘግበው፣ የሚያጓጉዘው፣ በደረሰበት ወረዳ የሚቀበለውና አበሉን የሚከፍለው የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ ከማንም ይልቅ እናንተን ይመለከታል። ደግሞም ከእናንተ ብዙዎቹ ለአገልግሎት የደረሰ ልጅ በቤታቸው አላቸው።

በከተማችን ደቡብ የሚገኘውን ነፋስ ስልክን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ስፍራው ይህን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ይተላለፍበት ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት ከሩቅ አገር ጋር የሚያነጋግረውን መሣሪያ ነፋስ ስልክ ማለታቸው እጅግ የተስማማ አጠራር ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን ላኪና ተቀባይ ይፈልጋል። የላኪው ምሰሶ ምንም ቢረዝም፥ በወዲያኛው ዳር ተቀብሎ የሚያዳምጥ ከሌለ የተላከው ቃል ነፋስ ሆኖ ይቀራል። ወጣቶችን ለአገልግሎት የመላክ ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። እኛ በመሸኘቱ ሥነ ሥርዓት፣ በሰልፉና በሰንደቅ ዓላማው ስንደሰት ኖረናል፤ በመቀበሉ በኩል ግን ብዙ ጊዜ ሰንፈናል። ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

አስቀድሜ ስለ ሰፈሩ ኑሮ ጥቂት ልናገር። በማናቸውም የማሠልጠኛ ሰፈር ጎህ ሳይቀድ ፊሽካ ይነፋል። በቤቱ እናቱ ሦስት ጊዜ ካልጠራችው ከአልጋው የማይወርደው ልጅ፥ በዚያ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ከሰልፉ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል። በቁርስ ሰዓት ተራውን ጠብቆ ሳህኑን ይዘረጋል፤ ወጡ ቀጠነ ብሎ ቢያኮርፍ የሚያባብለው የለም። የወጥ ቤት ተረኛ በሆነ ቀን ደግሞ ሽንኩርት መክተፉ፣ ድስት ማጠቡና ውሃ መቅዳቱ የእርሱ ሥራ ይሆናል። በቤት ይህን ሁሉ እኅቱ ስትሠራለት የኖረች ከሆነ፥ የእኅቱን ድካም የሚያውቀው ያን ቀን ነው። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት በቀኙ ከሐረርጌ የመጣ፣ በግራው ከወላይታ የመጣ ወጣት ተኝቶ ያገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአገሩ ልጅ በቀር ማንንም አያነጋግርም። እያደር ግን አንዱ ሳሙና ሲያልቅበት ሌላው ያበድረዋል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ተደግፎ ወደ ክሊኒክ ይወስደዋል፤ በዚህም መካከል የሰላምታውንና የምግቡን ስም በባልንጀራው ቋንቋ መጥራት ይለምዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውን በመጽሐፍ ሳይሆን በትከሻው ይማረዋል።

እንግዲህ ይህ የሰፈሩ በጎ ፍሬ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ይሁን እንጂ ሰፈር መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። ወጣቱ የሚሠለጥነው ወደ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ ለመሥራት ስለ ሆነ፥ አገልግሎቱ የሚመዘነው በሰልፉ ማማር ሳይሆን በሄደበት ቦታ በሆነው ነገር ነው። ይህንም ለመረዳት ያለፈውን ታሪካችንን መመልከት ይበቃል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ አውጥቶ፥ ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲሠሩ አደረገ። አብዛኞቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። ደንቡን ያልወደዱት ተማሪዎች አልጠፉም። ሆኖም ወጣቱ ከአውቶቡስ ሲወርድ ጥቁር ሰሌዳና ተማሪ ይጠብቀው ስለ ነበረ፥ ለምን እንደ መጣ ራሱም የአገሩም ሰው አይጠፋቸውም ነበር። የሥራው መወሰን ብዙውን ችግር አቃልሎታል።

ከዚህ እጅግ የሰፋው ሙከራ በታኅሣሥ 1967 ዓ. ም. የተከፈተው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ከከፍተኛዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችና ከዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር 60,000 ያህል ሆነው በመላው አገር ወደ ተቋቋሙት የዘመቻ ጣቢያዎች ተሰማሩ። ፊደል ማስቆጠር፣ ስለ ጤና ማስተማር፣ ጉድጓድ መቆፈርና የመሳሰለው ሥራ ታዝዞላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ገና ሳይደላደል በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበራትን የማደራጀቱም ሥራ በአብዛኛው በእነዚሁ ወጣቶች ትከሻ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት የከተማ ልጅ፥ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፥ ለብዙ ዘመን የኖረውን የመሬት ሥሪት ለመለወጥ ገበሬን ሰብስቦ እንዲናገር ተደረገ። ለገበሬው ብዙ በጎ ነገር ሠርቷል፤ ጭሰኛው ከጭሰኝነት ሲወጣ አብሮት የቆመው እርሱ ነበር። ነገር ግን በጣቢያው የተማረው መናገርን እንጂ ማዳመጥን አልነበረም፤ የወረዳው ሹምም እንዴት እንደሚቀበለው አላወቀም ወይም ሊቀበለው አልፈለገም። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ዘማቾች ከባለ ርስቶች፣ ከፖሊሶችና ከአካባቢው ባለ ሥልጣኖች ጋር ተጋጩ። የታሰሩ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ጣቢያቸውን ጥለው የተመለሱትም ብዙ ናቸው። ዘመቻው በ1968 ዓ. ም. ሲያበቃ መንግሥት ወጣቱን፣ ወጣቱም መንግሥትን በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ትውልድ ብዙዎች በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ሕይወታቸውን አጡ። ይህ ሁሉ የመጣው ከዘመቻው ብቻ ነው አልልም፤ አንድ መንግሥት ልኮ የማይቀበለው ወጣት ግን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚያ በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብንመለከት ነገሩ በመጠኑ ይለያል። በዚህም ዘመቻ ግዴታ አልጠፋም። ነገር ግን ሥራው አንድና ግልጽ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ማስተማር። ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ስለ ተሰጠ፥ ተማሪው የሚቆጥረው ፊደል ከቤቱ ቋንቋ ጋር ይገናኝ ነበር። ዘመቻው በ1972 ዓ. ም. ዩኔስኮ ለመሠረተ ትምህርት ሥራ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል። በጣቱ ይፈርም የነበረ ሽማግሌ ስሙን ሲጽፍ ላኪውም ተቀባዩም ፍሬውን በዓይናቸው ያዩታል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው በ1975 ዓ. ም. በአዋጅ የተቋቋመው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ነው። አዋጁ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ በብዙ አገሮች ካለው ሕግ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ቀበሌዎች የተመደበባቸውን ቁጥር ለመሙላት ልጆችን ከመንገድ ማፈስ በጀመሩ ጊዜ፥ እናቶች ልጆቻቸውን በየዘመዱ ቤት ሸሸጉ፤ የማሠልጠኛው ሰፈር ስም ሲነሣ በየቤቱ ለቅሶ ሆነ። የአገልግሎት ዘመኑን የፈጸመ ሁሉም በቀኑ አልተሰናበተም። ብሔራዊ አገልግሎት የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በብዙ ወላጆች ጆሮ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። መንግሥት አንድ ጊዜ ያፈረሰውን ቃል ለመጠገን አንድ ትውልድ አይበቃም።

ከአገራችን ውጭ ያለውንም ማየት ይጠቅማል። ናይጄሪያ ከ1959 እስከ 1962 ዓ. ም. የቆየውን የእርስ በርስ ጦርነት ካሳለፈች በኋላ፥ በግንቦት 1965 ዓ. ም. የወጣቶች ብሔራዊ አገልግሎት አቋቋመች። ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ያህል በሰፈር ሠልጥነው፥ ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ ተመድበው ዓመቱን ያገለግላሉ። ዓላማው ተዋግተው የነበሩት ወገኖች ልጆች እንዲተዋወቁ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ወዳጅነትና ጋብቻም ተመሥርቷል። ሆኖም በ2003 ዓ. ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ በባውቺ ግዛት በተነሣው ሁከት፥ ለምርጫ ሥራ ተመድበው የነበሩ የአገልግሎት ወጣቶች ተገድለዋል። በሩቅ አገር የሚያገለግል ልጅ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የወላጆቹም ጭንቀት ፈሪነት ነው ሊባል አይገባም።

በእኛም አገር በ2013 ዓ. ም. የሰላም ሚኒስቴር በጎነት ለአብሮነት በሚል መጠሪያ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶችን በፈቃዳቸው መዝግቦ፥ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አሠልጥኖ ካደጉበት ክልል ውጭ አሰማርቶ ነበር። ጊዜው በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የተነሣበት ስለ ነበረ፥ ልጅን ከክልሉ ውጭ መላክ ለወላጅ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሐሳቡ ግን የሚመሰገን ነው፤ ይልቁንም በአዋጅ ሳይሆን በፈቃድ መሆኑ ካለፈው ስሕተት ትምህርት የተገኘበት ይመስላል።

ዛሬ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፥ ከጎፋ እስከ ለቡ ብንዘዋወር፥ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች በየቤቱ እናገኛለን። ለእነዚህ ልጆች ሂዱና አገራችሁን አገልግሉ የሚል ጥሪ በመጣ ጊዜ መልካም ፍሬ እንዲያፈራ፥ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁት ወንድሞቼና እኅቶቼ አራት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፥ ሥራው ተለይቶ ሳይታወቅ ወጣት አይላክ። በሚሄድበት ወረዳ የሚሠራው ሥራ፣ የሚያድርበት ቤትና ኃላፊ ሆኖ የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ በደብዳቤ ይታወቅ። የሚመለከተው ክፍል እስኪታወቅ ጠብቅ ተብሎ በኮሪደር አንድ ወር የተቀመጠ ወጣት፥ በሰፈር የተማረውን ትጋት በዚያው በኮሪደሩ ጥሎት ይመለሳል።

ሁለተኛ፥ የተነገረው ቀን ይጠበቅ። አበል በቀኑ ይከፈል፤ አገልግሎቱም በተባለው ቀን ይፈጸም። ሰልጣኙ በአምስት ደቂቃ ቢዘገይ የሚቀጣው ሰፈር፥ ቢሮው በሁለት ወር ሲዘገይ ዝም ካለ፥ ያስተማረው ሥርዓትን ሳይሆን የኃይለኛን ልማድ ነው።

ሦስተኛ፥ በሰፈሩ ውስጥ የማዳመጥ ትምህርት ይሰጥ። የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን ይቅሰሙ፤ ገበሬው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የአገር ሽማግሌው በሰፈሩ ተጋብዘው ያስተምሯቸው። ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ምን እንደጎደለ የጠየቀ ወጣት፥ ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት ከመሆን ይድናል።

አራተኛ፥ የተመለሰው አይረሳ። አገልግሎቱ በማስረጃ ተጽፎ በሥራ ውድድር ጊዜ ልምድ ሆኖ ይቆጠርለት። ያየውንም ችግር የሚያስረዳበት ሸንጎ ይኑረው፤ መንግሥት ስለ ገጠሩ ኑሮ ከእርሱ የተሻለ ምስክር በነጻ አያገኝምና።

ወላጆች ለሆናችሁት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ለማገልገል ሲነሣ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ወዴት፣ ለስንት ጊዜና በማን ኃላፊነት ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ አገርን መጥላት አይደለም። ጥያቄው መልስ የሚያገኝበት አገልግሎት እውነተኛ ነው፤ መልስ የማይገኝለት ግን ከሰልፍ የማያልፍ መሆኑን ዕወቁ።

የምትሠሩበት ጠረጴዛ ከሰፈሩ ምን ያህል ቢርቅ፥ የወጣቱ ስም የተጻፈበት ፋይል አንድ ቀን በፊታችሁ ይቀርባል። በዚያ ፋይል ውስጥ አንድ እናት አምና የሰጠችው ልጅ እንዳለ አስታውሳችሁ በዕለቱ እንድትፈርሙለት አደራ እላለሁ።