ለዘር የምትቀር አበባ

(በደባርቅ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)





ዛሬ የምንናገረው ስለ አበባና ስለ አበባ ዘር ነው። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ እርከንና ስለ ችግኝ ሲነገር በሚውልበት ጉባኤ ስለ አበባ መናገር ለአንዳንዶቻችን ቅንጦት መስሎ ሊታየን ይችላል። ይሁን እንጂ አበባ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን ዕለታት ወርኀ ጽጌ ብለን፣ ማኅሌተ ጽጌን ሌሊቱን ቆመን የምናድር ሕዝብ ነን። ዓመቱን በክረምቱ፣ በአበባውና በፍሬው ከፍሎ ዜማ የሠራልን ቅዱስ ያሬድም የመጨረሻ ዘመኑን በዚሁ በሰሜን ተራሮች እንደ ፈጸመ ትውፊታችን ይነግረናል፤ ስሙን የያዘው አባ ያሬድ ተራራም ከደባርቅ በስተምሥራቅ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ እኛ የዳባትና የደባርቅ ሰዎች ስለ አበባ ለመነጋገር ፈቃድ የሚያስፈልገን አይመስለንም።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስበን ጉዳይ አለ። በብዙ አጥቢያዎች ሥዕለ አድኅኖው ዙሪያ የሚደረደረው አበባ የፕላስቲክ ሆኗል። በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር ከሙዳየ ምጽዋት በወጣ ገንዘብ ይገዛል፤ አቧራ ይጠጣል፤ በሁለተኛው ዓመት ይገረጣል፤ ከጧፍ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ለእሳት የቀረበ ነው። የሚገዙትን ወገኖች አንወቅስም። በጥር ወይም በየካቲት እውነተኛ አበባ ከየት ይመጣል ብለው ነው። መልሱ ከጓሯችን ይመጣል የሚል ነው፤ ከጓሮ እንዲመጣ ግን አስቀድሞ ዘሩ በእጃችን መኖር አለበት።

ከአደይ አበባ እንጀምር። አደይ በአንድ ክረምት በቅላ፣ አብባና አፍርታ የምትደርቅ ናት። ለከርሞ የምትተወው ሥር ወይም ግንድ የላትም፤ ያላት ዘሯ ብቻ ነው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ባይደንስ ከሚሉት ወገን ትመደባለች። ስሙ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ በልብሳችን ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረን ጭጎጎት የቅርብ ዘመዷ ነው። ከዚህ ወገን ብጫ የሚያብቡ አንዳንድ ዓይነቶች ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። እንግዲህ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አደይን ስንቀጥፍ ዘሯ ገና አልበሰለም። ዘሩ የሚደርሰው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ጥቂት አበባ ብንቀጥፍ ጉዳት የለውም፤ ከሥሯ ነቅለን እቅፍ ሙሉ ስንወስድ ግን የከርሞውን መስከረም ጭምር ወስደናል።

የዚህ ነገር ትልቁ አስተማሪ ከበላያችን ባለው ደጋ ይገኛል። «እንደ ጅብራ ተገትሮ» እያልን በምሳሌ የምናነሳው ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖራል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ አውጥቶ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አበባውን ያለ ጊዜው የቆረጠ ሰው የዚያን ተክል የዕድሜ ልክ ዘር አጠፋ ማለት ነው። (ይህን ስንናገር ወጣቶቻችን ከብሔራዊ ፓርኩ ተክል ነቅለው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳያመጡ ጭምር እናሳስባለን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብም በ1996 ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። በዚያ ያለው በዚያው ይቆይ።)

አሁን ወደ ቅጽር ግቢያችን እንመለስ፤ አደይ ያለ ማረሻና ያለ ከብት የምትበቅልበት ቦታ እየጠበበ ሲሄድ የቀረላት ደጀ ሰላማችን ነውና። በዚያ ግን የሣር ሽያጭ አለ። ሣሩ ለአጥቢያው ገቢ ስለሆነ በጊዜ ይታጨዳል፤ ከሣሩ ጋር ያልበሰለው አበባም ይታጨዳል። ገቢው እንዲቀር አንጠይቅም፤ መምህሩም ዲያቆኑም ከዚያ ገንዘብ እንደሚጠቀሙ እናውቃለን። የምንጠይቀው ከቅጽሩ አንድ ማዕዘን እስከ ኅዳር መጨረሻ ሳይታጨድ እንዲቆይ ነው። ይህ ለንብም ይጠቅማል። የጥቅምትና የኅዳር ማር አብዛኛው የአደይና የመጭ አበባ ማር ነው፤ ሰሙ ደግሞ ጧፍ ይሆናል። አበባው ሲጠፋ ጧፉም ይወደዳል፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቁት ቄሰ ገበዞች ናችሁ።

ወደ ቤት ጓሮ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ሥራ ይፈልጋል። እናቶቻችን ከጌሾው፣ ከድንብላሉና ከጤናአዳሙ መካከል የሚተክሏቸው ባለ ብዙ ቀለም አበቦች፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስና ዳሊያ፣ ከሩቅ አገር ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ብዙዎች ስማቸውን ሳይሆን ቀለማቸውን ነው የሚያውቁት፤ «ቀዩን ስጪኝ፣ ሐምራዊውን ልስጥሽ» እየተባባሉ ይለዋወጣሉ። ይህ ልውውጥ ከማናቸውም የፕሮጀክት ሰነድ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

እነዚህ አበቦች የሞቃት አገር ልጆች ስለሆኑ ውርጭ ይገድላቸዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም። ዚኒያ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ያብባል፤ ዘሩ እስኪበስል ደግሞ ከአንድ ወር ያላነሰ ይፈልጋል፤ በእኛ ብርድ ከዚህም ይዘገያል። ስለዚህ ጊዜው ጠባብ ነው። በግንቦት በተሰበረ ገንቦ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ አፍልቶ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እያስገቡ አቆይቶ፣ ዝናቡ ሲጸና ማዛወር ይረዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። ልማዳችን የመጀመሪያዋንና የምታምረዋን አበባ ለበዓል ቀጥፈን፣ ለዘር የተረፈችውን መተው ነው። የተረፈችው ደግሞ ዘግይታ ያበበችው ናት፤ እርሷንም ዘሯ ሳይበስል ውርጭ ይወስዳታል። ብታመልጥ እንኳ የምትሰጠን የደካማ ተክል ዘር ነው። ከዓመት ዓመት አበባችን እያነሰና እየዘገየ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀለም ከሁሉ ቀድማ ያበበችውንና የጠነከረችውን መርጠን፣ ቀይ ክር አስረንባት፣ ማንም እንዳይቀጥፋት ለቤተሰቡ መንገር ይገባናል። «በኩራት ለቤተ እግዚአብሔር ነው የሚቀርበው፤ እንዴት የመጀመሪያዋን እናስቀራለን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው። እኛም የምንለው የመጀመሪያዋን አበባ ከነዘሯ እናቅርብ ነው፤ እንዴት እንደሚሆን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ዘሩ የሚለቀመው የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው። በሰፌድ ወይም በጨርቅ ላይ ስስ አድርጎ በጥላ ማድረቅ፣ አበጥሮ ገለባውንና የተቀጨጨውን መለየት፣ ከዚያ በደረቅ ቅል ወይም በጠርሙስ ከተነፋ አመድ ጋር ማስቀመጥ። አመዱ ነፍሳትን ይከላከላል፤ እናቶቻችን ለባቄላና ለሽምብራ ዘር ሲያደርጉት የኖሩትን ነው። የዘር ጥናት የሚያስተምረው አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩም እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። ያማረርነው ብርድ በዚህ በኩል ባለውለታችን ነው። ጢስና ሙቀት ካለበት ከምድጃ በላይ ግን አይሰቀል። የአበባውን ቀለምና ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ጽፎ ከውስጥ ማኖርም አይረሳ።

ንብ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ስለምታዛውር የዚኒያና የኮስሞስ ቀለም ይደባለቃል፤ ከቀይ የተለቀመ ዘር ሮዝ ቢያወጣ ዘሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቀለሙ እንዳይደባለቅ የሚፈልግ አራርቆ ይትከል። በፓኬት ተገዝቶ «ድቅል» የሚል የተጻፈበት ዘር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፣ ከእርሱ የተለቀመው ግን እናቱን አይመስልም። ከገበያ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ዳሊያ ቀለሙ እንዲጠበቅ የሚፈለግ ከሆነ ከሥሩ ድንች መሰል እብጠት ተቆፍሮ ከውርጭ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ጽጌረዳ ደግሞ በቁራጭ ይተከላል።

እስካሁን ያልነው በአንድ ቤት የሚሠራ ነው። አንድ ቤት ግን አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ዘሩንም ጥሎ ወጥቷል። ሲመለስ ጎታው ባዶ የሆነበት ሰው ገብስና ባቄላ ከገበያ ሊገዛ ይችል ይሆናል፤ የአያቱን ድንብላልና የእናቱን አበባ ግን የሚሸጥለት የለም። መልሶ የሚያገኘው ቀደም ሲል ለእኅት ወይም ለጎረቤት ሰጥቶ ከሆነ ብቻ ነው።

አገራችን ይህን ትምህርት በትልቁ ታውቀዋለች። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በአገራችን ተዘዋውሮ የገበሬዎቻችንን የዘር ብዛት አይቶ አደነቀ። በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማእከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተራበ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ፣ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው ዘሩ ፈጽሞ እንዳይጠፋ ከየአካባቢው ሰበሰቡ። በኋላም ዘሩ በገበሬው እጅና በገበሬው መሬት እንዲጠበቅ ደከሙ። በምሥራቅ ሸዋ በእጀሬና በጨፌ ዶንሳ ገበሬዎች የጋራ የዘር ባንክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር መላኩ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው።

አጥቢያችን ባንክ ለመሥራት አቅም ላይኖረው ይችላል። ዕቃ ቤት ግን አለው፤ በሩ የሚቆለፍ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ ቁልፉም በታመነ ሰው እጅ ያለ። በዚያ አንድ የዘር ገንቦ ይቀመጥ እንላለን። ቅድም «የመጀመሪያዋን አበባ ከነዘሯ» ያልነው ይህን ነው። ቀይ ክር ከታሰረባት አበባ ከተለቀመው ዘር ግማሹ በቤት ይቅር፣ ግማሹ በኅዳር ወደ ገንቦው ይግባ። ከአበባው ጋር ድንብላሉ፣ ጥቁር አዝሙዱና ጎመኑም ቢገባ ማንም አይከለክልም። በግንቦት ርክበ ካህናት ሰሞን ገንቦው ይከፈት። ከመታደሉ በፊት ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይፈተሽ፤ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ዐሥራ አምስቱ ከበቀሉ ዘሩ መልካም ነው፣ ከዐሥር በታች ከሆነ ጠበቅ ብሎ ይዘራ። የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ኅዳር የወሰደውን ያህል ይመልስ። በቅድሚያ ይሰጥ የምንለው ከቤታቸው ተፈናቅለው በከተማችን ለሚኖሩት ወገኖቻችን ነው፤ ለአበባ ሰፊ መሬት አያስፈልግም፣ በድንኳን ደጃፍ በቆርቆሮም ይበቅላል።

መዝገቡን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢይዙት ይሻላል፤ ዘሩ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ይህ መዝገብ በተለይ ከሊማሊሞ በታች ካሉት ወንድሞቻችን ጋር ስንለዋወጥ ያስፈልገናል፤ በዛሪማና በአዲ አርቃይ ሙቀት ለዓመታት የተለቀመ ዘር በደባርቅ ብርድ እንዴት እንደሚሆን የምናውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርተን ስናይ ነው። ለዚህ ሙከራ ፈቃደኛ የሆናችሁ አጥቢያዎች ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ። የቆላው ዘር ቀድሞ ስለሚደርስ ከታች የምትመጡ በጥቅምት መጨረሻ፣ እኛ ደግሞ በኅዳር እናመጣለን፤ ቅሉ ወይም ጠርሙሱ በደንብ የደረቀ ይሁን።