ቀጭኗ ሽቦ

የዛሬው ክፍላችን የሐዋርያት ሥራ 15፣ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ አሮጌ የጦር መኪና ላውራችሁ። ታገሡኝ፤ ወደ ማርቆስ እንደርሳለን።

ይፋግን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታን አልፎ፣ አዲስ ዘመን ሳይደረስ ያለች ከተማ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎንደር ለጸሎት ቤታችን ሥራ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭነን ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ፣ እዚያች ከተማ አራት ቀን ቆምን። መኪናው ኡራል ነው። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ለጦሩ ከገቡት ዓይነት፣ ዘመቻውን ጨርሶ አሁን የአንድ ወንድማችን እህል መጫኛ የሆነ።

የናፍጣ ሞተር አንድ ጠባይ አለው። እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር አንዴ ከተነሣ ለመሄድ ኤሌክትሪክ አይለምንም። ዳይናሞው ሥራ ቢያቆምም ቀኑን ሙሉ ዳገት ይወጣል፤ ማንም አያውቅበትም። ጉዱ የሚወጣው ሲመሽ ነው። የእኛም መብራት መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ከሰል ቀላ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ጠዋት ሞተሪኖው "ጠቅ" ከማለት በቀር ምንም የለም።

"ዳይናሞው ሞቷል" አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! ልጅ ሳለሁ ሁለት ክረምት ጋራዥ ውስጥ ብሎን አጥቤአለሁ፤ ያቺ ትንሽ እውቀት ናት ያሳፈረችኝ። ሃያ ዓመት የማይሞላው መካኒክ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ሽቦውን ልየው?" አለኝ። ጊዜ የለንም ብዬ አስቆምኩት።

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተደወለ። ዕቃው በማግስቱ ማታ በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑን ስንከፍት ባለ 12 ቮልት ነው። ኡራላችን ደግሞ ሁለት ባትሪ ተያይዞ በ24 ቮልት የሚሠራ ነው። እንደገና ተደወለ፣ እንደገና ተጠበቀ። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ቮልቱ ልክ ነበር፤ የጆሮው ቀዳዳ ግን ከመያዣው ጋር አልገጥም አለ። ፑሌጃውም ባለ አንድ ቦይ ነው፤ የእኛ ሁለት ቺንጋ ይይዛል። የአሮጌውን ፑሌጃ አውጥተን ለአዲሱ እናድርግ ስንል ዳዶው ዝጎ ተጣብቋል። ናፍጣ አጠጣነው፣ በመዶሻ ቀጠቀጥነው። በመጨረሻ ቺያቬው ሾልኮ የጣቴን ቆዳ ላጠው። ያን ጊዜ፣ ወገኖቼ፣ በልጁ ላይ ጮኽኩበት። ገበያተኛ ቆሞ እያየኝ። ፓስተር መሆኔንም ያውቃሉ። ልጁ አልመለሰልኝም፤ ጨርቅ አምጥቶ ጣቴን አሰረልኝ።

በአራተኛው ቀን አዲሱ ዳይናሞ በግድ ገባ። ባትሪዎቹን ከተማ ውስጥ አስሞልተን ሞተሩን አስነሣን። ሁላችንም ዳሽቦርዱ ላይ ተደፋን። ቆጣሪው ንቅንቅ የለም።

ልጁ ያኔ እኔን ሳይጠይቅ አምፖል በሁለት ገመድ አስሮ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። ከቁልፉ ወደ ዳይናሞው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። ላስቲኳ ደኅና ነው፤ ውስጧ ግን ተበጥሷል። "ጋሼ፣ ዳይናሞ ብቻውን አይነቃም" አለኝ። "መጀመሪያ ከባትሪው ትንሽ ኃይል በዚች ይመጣለታል፣ ማግኔቱን ያስነሣዋል። ከዚያ በኋላ ነው እሱ ባትሪውን የሚሞላው። እሷ ከሌለች ሲሽከረከር ቢውል ባዶ ነው።" ክንድ በማትሞላ ሽቦ ቀጠላት። ከዚያ በግድ የገባው አይበረክትም ብሎ አሮጌውን መልሶ አሰረው። ሞተሩ ሲነሣ ቆጣሪው ወደ 28 ቮልት ወጣ። እኔ "ሞቷል" ያልኩት አሮጌው ዳይናሞ ነው እንግዲህ!

ልጁን እዚያው ይቅርታ ጠየቅሁት። "ምንም አይደል ጋሼ" አለኝ። እኔ ግን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስንወጣ የማስበው ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ አራት ወር በፊት ኪቦርድ የሚጫወትልንን ወጣት ከአገልግሎት አንሥቼው ነበር። ያረፍዳል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ጸሎት ላይ የለም። ለሽማግሌዎች "ይህ ልጅ ውስጡ ሞቷል" አልኳቸው፤ በሳምንቱ ሌላ ተተካ። ቤቱ የሄደ ሰው አልነበረም። እኔም አልሄድኩም።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። ማርቆስ ከጵንፍልያ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ ጳውሎስ በሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም አለ፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። እኛ አገልጋዮች ይህን ስንሰብክ ለጳውሎስ እናደላለን፤ ሥራው ይበልጣል እንላለን። በእርግጥ የተቃጠለ ዳይናሞ አለ፤ ካልተቀየረ መኪናው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ከአገልግሎት መነሣት ያለበት ሰውም አለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያው ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ፣ እስር ቤት ሆኖ፣ በሁለተኛ ጢሞቴዎስ 4 ላይ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ይጽፋል። በርናባስ ቆጵሮስ ላይ ምን እንዳለው አልተጻፈልንም። እኔ ግን ሽቦውን ሳያይለት አልቀረም እላለሁ።

በዚያው ሳምንት ወጣቱን ፈልጌ ወረታ ሄድኩ። አባቱ አልጋ ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ልጁ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ቀን ከሌሊት ጆንያ ይሸከማል። ለዚህ ነበር የሚያረፍደው። ሻይ ጠጣን። "ፓስተር፣ ከአገልግሎት ያነሡኝ ለት አልከፋኝም" አለኝ። "ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እንዴት ነህ ያለኝ የለም።" የምመልስለት አልነበረኝም። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ዝም አለ፤ ሻዬን ከፈለልኝ።

ባለፈው እሑድ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ቡራኬው ሳይደርስ ወጣ። ረቡዕ ከባለቤቴ ጋር አባቱን ልንጠይቅ እንሄዳለን፤ በጸሎት አስቡን።