ሲከፈት የሚታየው ጽሑፍ ለማን ነው?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ትንሽ ነገር ተማሪን ከትምህርቱ ሲያስቀር አይቻለሁና ትታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጀመሪያ በከፈትሁበት ዕለት ከአሥር የሚበልጡ የእንግሊዝኛ መስመሮች ባንድ ጊዜ ወረዱብኝ። ከመካከላቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈው፥ ፈጽሞ ዋስትና የለውም የሚል ነበር። የመንግሥት ንብረት ያበላሸሁ መስሎኝ ዘጋሁት። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬም እንዲሁ አደረገ። መጠየቅ አፈርን፤ ሰዓቱም አለቀ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት ያ ቃል የስሕተት ማስታወቂያ አይደለም። አር በኒውዚላንድ፥ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በተባሉ ሁለት መምህራን የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂኤንዩ በሚባለው ፈቃድ ለሁሉ በነጻ ይታደላል። ፈቃዱም በነጻ ለተሰጠ ነገር ዋስ እንደሌለው ያስታውቃል። እንግዲህ ያ መስመር የሚናገረው ለሕግ ነው። የላይኛው መስመር የፕሮግራሙን የእትም ቁጥር፥ ሌላው የኮምፒዩተሩን ዓይነት ይናገራል። ለጀማሪ የተጻፉት ከታች ያሉት ናቸው፤ ይኸውም እርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅና ከፕሮግራሙ እንዴት እንደሚወጣ ነው። በመጨረሻ ያለችው ነጠላ የቀስት ምልክት፥ ተራው ያንተ ነው፤ ጻፍ ማለቷ ነው። የምታስፈልገን እርሷ ነበረች፤ እኛ ግን ሳናያት ዘጋን።

በዚህ በጋሞ አገር በዱቡሻ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ነገሩን ከመጀመራቸው በፊት ይመርቃሉ። ምርቃቱን ፍርድ ነው ብሎ የሚደነግጥ ልጅ የለም፤ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ለምዶታልና። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ወደ አርባ ምንጭ የመጣ ተማሪ ግን፥ በቤቱ ጋሞኛ፥ በገበያ አማርኛ ሲናገር አድጎ፥ የሕግ እንግሊዝኛ ሲገጥመው ይህ መግቢያ ነው የሚለው ሰው አጠገቡ የለም።

አንዳንድ ጓደኞች፥ እንግዲያስ ጽሑፉ ይቅር ይላሉ። ማስቀረትስ ይቻላል፤ አርም ፓይተንም ያለ ጽሑፉ የሚከፈቱበት ትእዛዝ አላቸው። እኔ ግን አልስማማም። ፕሮግራሙ እምቢ ባለ ጊዜ የሚረዳን ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀን የእትሙን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የሚገኘው እዚያው ነው። ደግሞም ዛሬ መግቢያውን ብንሸሸው፥ ነገ እውነተኛው የስሕተት ማስታወቂያ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው? ያን ጊዜ ማንበብ ግድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። መምህሮቻችን በመጀመሪያው ሰዓት አሥር ደቂቃ ሰጥተው ጽሑፉን መስመር በመስመር ያስነብቡን። እኛ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም ትርጉሙን በአማርኛና በጋሞኛ ጽፈን በየኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። አማርኛውን ጀምሬዋለሁ። ጋሞኛውን የሚጽፍልኝ ከመካከላችሁ ማን ነው? ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ እጠብቀዋለሁ።