የውኃ መዝገብና የፍላጎት ልኬት
(ኢኮኖሜትሪክስን በእውነተኛ መረጃ ስለ መማር፣ በሐረር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ኢኮኖሜትሪክስ የኢኮኖሚን ጉዳይ በስታቲስቲክስ ዘዴ የሚለካ ትምህርት ነው። መማሪያ መጻሕፍቱ ለተማሪው የሚያቀርቡለት ሰንጠረዥ አስቀድሞ የተጣራ ነው፤ የሥራው ዓለም ግን እንዲህ ያለውን አይሰጥም። ይህንኑ ለማስረዳት ሁላችንም የምናውቀውን የሐረርን ውኃ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ለከተሞችና ለመስኖ የሚሳበው ውኃ እየበዛ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደውም ደለል እየሞላው ሄዶ፣ ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በኋላ መልሶ ውኃ ቢይዝም፣ ከተማይቱ በድሬዳዋ አቅራቢያ ወዳሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ፊቷን ማዞር ግድ ሆኖባታል። ያ ውኃ በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ስለሚወጣ፣ መብራት ሲቋረጥ እርሱም ይቋረጣል።

እንግዲህ አንድ መሐንዲስ የወደፊቱን ፍላጎት ገምቶ የቧንቧውን ስፋት እንዲወስን ታዘዘ እንበል። በቅድሚያ እጁ የሚገባው የቆጣሪ ንባብ መዝገብ ነው። ፍጆታን ከዋጋና ከገቢ ጋር በሪግሬሽን ቢያዛምድ አንድ ቁጥር ያገኛል። ነገር ግን ያ ቁጥር ምንን ይለካል?

አንደኛ፣ ውኃ በወረፋ በሚታደልበት ጊዜ መዝገቡ የሚያሳየው ሕዝቡ የፈለገውን ሳይሆን የደረሰውን ነው። ውኃ አልፎ አልፎ የሚመጣለት ቤት አነስተኛ ፍጆታ ያስመዘግባል፤ ጥሙ ግን አይመዘገብም። ጄምስ ቶቢን በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ወሰን ላይ የሚቆም መረጃ ከተራው ሪግሬሽን የተለየ ስሌት እንደሚያሻው አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ በብዙ የአገራችን ከተሞች የውኃ ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ ይላል። ስለዚህ ዋጋው ፍጆታን እንደሚወስን ሁሉ ፍጆታውም ዋጋውን ይወስናል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ዋጋ ሲንር ሕዝቡ አብዝቶ ይጠቀማል የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ፊሊፕ ራይት በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ዘይትና ቅባት ቀረጥ በጻፈው መጽሐፍ፣ አቅርቦትንና ፍላጎትን ለመለየት ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚነካ ሌላ ምክንያት መፈለግ እንደሚገባ አመልክቷል። በእኛ ጉዳይ የታሪፍ ማሻሻያ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፤ ይኸውም በዚያው ወቅት የውኃው አመጣጥ ያልተለወጠ እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ጀጎል ባለ ሠፈር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ፣ መዝገቡ እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጥራቸዋል። የጋራ ፍጆታቸው በከፍተኛው እርከን ይታሰባል፤ በሰንጠረዡም ላይ ድሆቹ ውኃ አባካኝ ባለጸጋ መስለው ይታያሉ።

መድኃኒቱ ከስሌቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ከንባቡ ጎን ውኃ የመጣባቸው ቀናት፣ ፓምፑ የቆመባቸው ሰዓቶች፣ በየቆጣሪው የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ሊመዘገቡ ይገባል። ቧንቧ በደረቀ ቀን አንድ ጀሪካን ውኃ በስንት እንደ ተሸጠም ይጻፍ፤ ሕዝቡ ለውኃ ምን ያህል ለመክፈል እንደሚገደድ ከዚህ የተሻለ የሚናገር ቁጥር በቀላሉ አይገኝምና።

ወጣት ባልደረቦቼ ኮምፒውተራቸውን ከመክፈታቸው አስቀድሞ ከቆጣሪ አንባቢው ጋር ጥቂት ቀናት በየሠፈሩ ቢዞሩ፣ ቁጥሩን ማን፣ መቼና ለምን ዓላማ እንደ ጻፈው ይረዳሉ። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ስሌት በአንድ ቀን ይታረማል፤ በዚያ ስሌት ተለክቶ የተቀበረ ጠባብ ቧንቧ ግን ለብዙ ዓመታት ከመሬት በታች ይኖራል፤ ወረፋውንም የሚጠብቁት ባለ ጀሪካኖቹ ናቸው።